ቦቢ ሞቷል፣ አልሞተም

«እሷ እንዲህ አታደርግም።» ተከታታይ የቤተሰብ ድራማ የሚወድ ሰው ይህን ሳይል የሚከርም አይመስለኝም። ሪሞቱን እንደያዘ ይናገራል፤ የሚናገረውም ለስክሪኑ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ጸሐፊው ተቀይሮ ይሆናላ» ይልና ወሬው በዚያው ያልቃል። እኔ ግን ነገሩ በዚያ እንዲያልቅ አልፈልግም፤ አባባሉ ውስጥ ያለው ድፍረት ትንሽ አይደለምና። ተናጋሪው ሴትዮዋን አልፈጠራትም። የምትናገረውንም የምታደርገውንም የሚወስነው ጸሐፊው ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ ዛሬ ማታ «አድርጋለች» ብሏል። እንግዲህ አድርጋለች ማለት ነው። ከተጻፈላት በቀር ሌላ ሕይወት የሌላት ሴት፣ ከተጻፈላት በቀር ሌላ እውነት ከየት ታመጣለች? እንዲህ ሲታሰብ ተመልካቹ ተሳስቷል። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ እንዳልተሳሳተ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእርግጥም እሷ እንዲህ አታደርግም። ይህን የምናውቀው በምንድን ነው? ማንን ተማምነንስ ነው አንድን ጸሐፊ በገዛ ድርሰቱ የምንሞግተው?

ቶሎ የሚመጣው መልስ የመጀመሪያው ጸሐፊ አባት፣ ተተኪው እንጀራ አባት ነው የሚለው ነው። ገጸ ባሕርይዋን የወለዳት እሱ ነው፤ ልቧን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ቢያስመስል እንጂ አያውቃትም። ተመልካቹም «እሷ» ሲል የአባቷን ልጅ ማለቱ ነው። መልሱ ያጠግባል። ስለሚያጠግብ ነው የምጠረጥረውም። መልሱ እውነት ከሆነ አባትየው ሄዶ የተመለሰ ቀን ሁሉ ነገር ወደ ቦታው መመለስ ነበረበት፤ እውነተኛው ጸሐፊ ብዕሩን ሲያነሣ ገጸ ባሕርይዋም ወደ ራሷ መመለስ ነበረባት። በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ መመለስ ደጋግሞ ታይቷል። ከሁሉም የበለጠ ዓይን ያወጣው በ«ዳላስ» የሆነው ነው።

«ዳላስ» እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ የጀመረ፣ በቴክሳስ ነዳጅ የበለጸጉትን የዩዊንግ ቤተሰብ ታሪክ የሚተርክ ድራማ ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ዴቪድ ጄኮብስ ቢሆንም፣ ከሳምንት ሳምንት ቤተሰቡን እየጻፈ፣ እያዘጋጀና እየመራ ያቆየው ሊዮናርድ ካትዝማን ነበር። በ1985 የታናሹን ወንድም የቦቢን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ፓትሪክ ዳፊ ድራማውን ሊለቅ ወሰነ። ካትዝማን አሟሟቱን ራሱ ጻፈ፤ ራሱም ዳይሬክት አደረገው፤ ቦቢ የቀድሞ ሚስቱን ፓምን ገፍትሮ ከመኪና አዳናት፣ መኪናው እሱን ገጨው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ በቤተሰቡ ተከብቦ ሞተ። ከዚያ ካትዝማንም ከዕለት ተዕለት ሥራው ራቀ፤ ቀጣዩን ዓመት ሌሎች ጻፉት፤ የበላይ ኃላፊነቱም በፊሊፕ ኬፒስ እጅ ነበር። ሠላሳ አንድ ክፍል ሠሩ። ተመልካቹ ግን ቀነሰ፤ ታላቁን ወንድም ጄ.አር.ን የሚጫወተው ላሪ ሃግማንም ዳፊ እንዲመለስ ለመነ፤ ዳፊ እሺ አለ፤ ካትዝማንም ከበፊቱ በሚበልጥ ሥልጣን ተመለሰ። የቀረው እንቅፋት አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ሞቶ ተቀብሯል።

መፍትሔው ይታወቃል። በ1986 ግንቦት፣ በምዕራፉ የመጨረሻ ክፍል፣ ፓም ጠዋት ከእንቅልፏ ነቃች። ሌላ ሰው አግብታ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማታል፤ ተነሥታ የሻወሩን በር ስትከፍት ቦቢ ጀርባውን ሰጥቶ ይታጠባል፤ ዞር ብሎ እንደ ማንኛውም ባል «እንደምን አደርሽ» አላት። የዳፊን ምስል በምስጢር ለብቻው ቀርጸው ነበር የቀጠሉበት። ተመልካቹ ክረምቱን በሙሉ ሲገምት ከርሞ በመስከረም መልሱን ሰማ፤ ያ ሁሉ ዓመት የፓም ሕልም ነበር። ሠላሳ አንዱ ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውሃ በላው።

ብዙ ሰው ይህን እያነሣ ይስቃል፤ ያስቃልም። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ቦቢ አይደለም፤ ሱ ኤለን ናት። የጄ.አር. ሚስት ሱ ኤለን ያን ዓመት ከመጠጥ የተነሣ እስከ መጨረሻው ወደቀች፤ ከቤት ወጥታ ጎዳና ላይ እስክትገኝ። ከዚያ በዝግታ፣ ብዙ ሳምንት በፈጀ ሥቃይ፣ ራሷን አነሣች። ሊንዳ ግሬይ በዚህ ገጸ ባሕርይ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። እነዚያ የተጠሉት ተተኪ ጸሐፊዎች ለአንዲት ሴት ውድቀትና መነሣት የሰጡት ትዕግሥት ከእነሱ በፊት የነበሩት ያልሰጡት ነበር። ታዲያ በመስከረም ሱ ኤለን ምን ሆነች? አልወደቀችም፤ አልተነሣችምም። መዳኗ የባሏ ወንድም የቀድሞ ሚስት አንድ ሌሊት ያየችው ሕልም ነበር። የራሷ ሕልም እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሰው በሕልሙ የሚማረው አይጠፋም። ሥቃይዋ በሌላ ሴት እንቅልፍ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው አለቀ፤ እሷ ራሷ እንደ ተሠቃየች እንኳ አታውቅም። ደግሞስ ፓም ያልነበረችበትን ክፍል፣ ያልሰማችውን ምክክር፣ ጄ.አር. በሩን ዘግቶ የሸረበውን ተንኮል ሁሉ እንዴት አለመችው? ሕልም እንዲህ አይደለም። ሕልም ያልነበረን ነገር ሕልም ነው ብሎ የወሰነ የቢሮ ሰው አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አንድ ነገር «አልሆነም» ሲባል ምን ማለት ነው? በኑሮ ውስጥ የሆነ ነገር ሆኗል፤ እግዚአብሔርም ቢሆን ትናንትን እንዳልነበረ ማድረግ ይችላል ወይ ብለው ሊቃውንት የተከራከሩት በከንቱ አይደለም። ድርሰት ግን ሁሉንም የሚችል ይመስላል፤ ያልነበረውን ነበረ ካለ፣ የነበረውን አልነበረም ማለት ምን ይከለክለዋል? የ«ዳላስ» ጉዳይ የሚያሳየው ግን የሚከለክለው ነገር እንዳለ ነው። ካትዝማን ዓመቱን ከጄ.አር.፣ ከእናቲቱ ከሚስ ኤሊ ትዝታ ማውጣት ቻለ፤ የእነሱ ትዝታ በእጁ ነበርና። ከእኛ ትዝታ ማውጣት ግን አልቻለም። የቦቢን ቀብር እንደ ሆነ ነገር የሚያስታውስ ማንም በዩዊንግ ቤት አልቀረም፤ እኛ ብቻ ቀረን። አንድ ቤተሰብ የራሱን ሐዘን ሳያውቅ፣ ሐዘኑን የሚያውቁለት ሩቅ አገር ሶፋ ላይ የተቀመጡ ባዕዳን ብቻ ሆኑ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይፈታል። «እሷ እንዲህ አታደርግም» የምንለው ከጸሐፊው ይልቅ እኛ ስለምናውቃት አይደለም፤ ጸሐፊው ሊረሳው የሚችለውን እኛ መርሳት ስለማንችል ነው።

እኛ ብቻ ስል ግን አንድ ሰው ዘለልኩ። የዩዊንግ ቤተሰብ መካከለኛ ወንድም ጋሪ የሚኖረው በሌላ ድራማ ውስጥ ነበር። «ኖትስ ላንዲንግ» ይባላል፤ ያው ዴቪድ ጄኮብስ የፈጠረው፣ በ1979 የጀመረ፣ በካሊፎርኒያ አንድ ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስቶች ታሪክ። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ጄኮብስ አስቀድሞ ያሰበው ይህን መሆኑ ነው፤ ጣቢያው የሀብታሞች ታሪክ ይሻለኛል ስላለ ነው «ዳላስ» የቀደመው። ቦቢ ሲሞት ጋሪ በራሱ ድራማ ውስጥ ወንድሙን አለቀሰ። ቦቢ ከሻወር ሲወጣ ግን «ኖትስ ላንዲንግ» አብሮ አልነቃም። እዚያ የሚጽፉት ሰዎች የሌላውን ቤት ሕልም አንቀበልም አሉ፤ ልቅሶው እንደ ተለቀሰ ቀረ፤ የሁለቱ ድራማዎች መገባበዝም ተቋረጠ። ስለዚህ ከ1986 ጀምሮ አንድ ሰው በአንድ ጣቢያ ላይ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ሞቷልም አልሞተምም። ጉዳዩን ወደ ፈጣሪው ወስዶ ማስፈረድም አይቻልም፤ የሁለቱም ድራማ ፈጣሪ አንድ ሰው ነው። የአባትነቱ መልስ እዚህ ላይ ፈረሰ።

እኔን ካስገረሙኝ ነገሮች ዋናው ግን ታሪኩን ማን አፈረሰው የሚለው ነው። ሁላችንም የምንፈራው አዲስ መጤውን ነው፤ ታሪኩን የሚያበላሸው እሱ ይመስለናል። አዲስ መጤ ግን ፈሪ ነው። ከእሱ በፊት የተነገረውን ሁሉ እንደ ሕግ ያነባል፤ ማን መቼ ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ልጅ የት እንደ ተማረ ይመዘግባል፤ ሟቹን እንደ ሞተ ይተዋል። የኬፒስ ዓመት ጸሐፊዎች የካትዝማንን ሬሳ አክብረው ሐዘኑን ጽፈው ነበር። ሬሳውን ያስነሣው የገደለው ራሱ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እዚህ አጥሩን የነቀነቀው ባለቤቱ ነው። «የእኔ ነው» የሚል ሰው ብቻ ነው «አልነበረም» ለማለት የሚደፍረው።

ይህን ስል ለተተኪዎች ጠበቃ መሆኔ አይደለም። «ጊልሞር ገርልስ» የተባለው የእናትና የልጅ ድራማ በ2006 ፈጣሪውን ኤሚ ሸርማን ፓላዲኖን ሲያጣ፣ ሰባተኛው ምዕራፍ በዴቪድ ሮዘንታል መሪነት ተጻፈ፤ ያየ ሁሉ የሆነ ነገር እንደ ጎደለ አወቀ። ድራማው የሚታወቀው በንግግሩ ፍጥነት ነበር፤ እናትና ልጅ ቡና እየጠጡ አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ እየነጠቀ ሲያወሩ ስክሪፕቱ ከሌሎች የአንድ ሰዓት ድራማዎች በብዙ ገጽ ይበልጥ ነበር። ተተኪዎቹ ፍጥነቱን ለመያዝ ሞከሩ፤ ያዙትም ማለት ይቻላል። የጎደለው ፍጥነቱ አልነበረም። ቀድሞ እናቲቱ ሎሬላይ የምትቀልደው ልትናገረው የማትችለውን ነገር ለመሸሽ ነበር፤ አሁን የምትቀልደው ቀልደኛ መሆኗ ስለሚታወቅ ሆነ። ቃሉ ተወርሷል፤ ቃሉ የሚሸፍነው ዝምታ ግን በየትኛውም ገጽ ላይ ስላልተጻፈ ማንም ሊወርሰው አልቻለም። የቤተሰብ ድራማ በጸሐፊ ለውጥ ከሌሎች ይልቅ የሚጎዳውም በዚህ ይመስለኛል። የፖሊስ ድራማ በየሳምንቱ አዲስ ወንጀል ያገኛል። የቤተሰብ ድራማ ያለው ሀብት ያለፈው ነው፤ ያለፈው ደግሞ አብዛኛው ያልተባለ ነገር ነው።

ዳሩ ግን ሮዘንታልን ስንወቅስ አንድ ነገር እንረሳለን። ሎሬላይ ከእጮኛዋ ከሉክ ተጣልታ ወደ ልጇ አባት ወደ ክሪስቶፈር የሄደችው በስድስተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ነው፤ ያን ክፍል የጻፈችውም ዳይሬክት ያደረገችውም ራሷ ሸርማን ፓላዲኖ ናት። ቤቱን አፍርሳ ቁልፉን ሰጥታ ወጣች። ተተኪው ያደረገው ፍርስራሹን መጥረግ ነው፤ ዓመት ፈጅቶ ሉክንና ሎሬላይን መልሶ አገናኘ፤ ልጅቱን ሮሪንም በጋዜጠኝነት የባራክ ኦባማን የምርጫ ዘመቻ እንድትከታተል አድርጎ ሸኛት። በደግነት የተጻፈ ፍጻሜ ነበር። ምናልባት ከልክ ያለፈ ደግነት፤ የሌላ ሰውን ልጆች ማሳዘን የሚፈራ ተረካቢ የሚጽፈው ዓይነት።

ከዚያ በ2016 ፈጣሪዋ ተመለሰች፤ ለኔትፍሊክስ አራት ረጃጅም ክፍሎች ሠራች። ለዓመታት በልቧ ይዛቸው የቆየች የመጨረሻ ቃላት ነበሯት፤ ልጅ ለእናቷ ማርገዟን የምትነግርበት። ድራማው እሷ እንዳሰበችው አልቆ ቢሆን ሮሪ ያን የምትለው በ22 ዓመቷ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ዓለም ገና ሲከፈትላት። እናቷ የወለደቻት በ16 ዓመቷ ነውና የቃሉ ክብደት ግልጽ ነው። አሁን ግን ሮሪ 32 ሆናለች። ቃሉ ያው ነው፤ አፉም ያው ነው፤ የሚባለው ነገር ግን ሌላ ነው። በ22 አደጋ የነበረው በ32 ዜና ነው። ይህን ዜና አደጋ እንዲመስል ለማድረግ ደግሞ ሮሪ በ32 ዓመቷም እንደ 22 መሆን ነበረባት፤ ሥራ የሌላት፣ ቤት የሌላት፣ የምትሄድበትን የማታውቅ። ያ ሁሉ የምርጫ ዘመቻ የት ደረሰ? ማንም «ሕልም ነበር» አላለም። ግን ከሕልም በምን ይለያል? እርግጥ ሌላ አንባቢ ይከራከረኛል፤ ሎሬላይን ከመጀመሪያው ክፍል ስናውቃት 32 ዓመቷ ነበር፤ ልጅ እናቷን በዕድሜ የደረሰችበት ቀን እናት ልትሆን መሆኗን መስማታችን የሚያምር ግጥምጥሞሽ ነው ይላል። ያምራል፤ አልክድም። ውበቱ ግን ከሮሪ ሕይወት አልወጣም፤ የፈጣሪዋ ቃላት አሥር ዓመት ሲጠብቋት ኖረው ልጅቱን እነሱ ወዳሉበት ጎትተው አመጧት።

አሁን «ጸሐፊ» የምንለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ፤ እስካሁን አንድ ሰው እንደሆነ አስመስዬ ሳወራ ቆይቻለሁ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ የሚጻፈው በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ተቀምጠው ታሪኩን ይመክራሉ፤ እያንዳንዱን ክፍል አንዱ ወስዶ ይጽፋል፤ ዋናው ጸሐፊ መልሶ ያርመዋል። ስለዚህ ሎሬላይ በስድስት ዓመት ውስጥ የተናገረችውን ብዙ እጆች ጽፈውታል፤ ታዲያ አንድ ሰው ሲሄድ የሚሄደው ምንድን ነው? ገጹ ይቀራል፤ ተዋናዮቹ ይቀራሉ፤ ከጸሐፊዎቹም አንዳንዶቹ ይቀራሉ። የሚሄደው ይመስለኛል አንድ ሥልጣን ነው። ጠረጴዛው ላይ ሐሳብ ሲቀርብ፣ ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ፣ አስቂኝ ሆኖ፣ ተመልካች የሚያመጣ ሆኖ ሳለ፣ «አይሆንም፤ እሷ እንዲህ አታደርግም» የሚለው ሰው ነው የሚሄደው። የዋና ጸሐፊ ሥራ ከመጻፍ ይልቅ ይህን ማለት ነው። ያ ሰው ሲለቅ ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አልባ ሆኖ አይጠፋም፤ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ሳሎናችን ይመጣል። ሪሞት የያዘው ሰው የተናገረው ለካ የራሱ ፈጠራ አልነበረም፤ የተለቀቀ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የተቀመጠውም ማንም ሳይሾመው ነው፤ አንዳንዴ ጥሩ ይሠራል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚወዳት ሴት እንዳትለወጥበት ብቻ የሚጮህ ክፉ ሞግዚት ይሆናል። ሰው ይለወጣልና። «እሷ እንዲህ አታደርግም» ያልንላት ሴት አንድ ቀን እንዲህ ብታደርግ ነጻ የወጣችው ከጸሐፊው ሳይሆን ከእኛ ሊሆን ይችላል።

የሚመለሰው ፈጣሪ ደግሞ ወንበሩን መልሶ ሲይዝ ያንኑ ዐረፍተ ነገር የሚናገር ይመስላል፤ ልብ ብለን ብንሰማው ግን የሚለው ሌላ ነው። «እሷ እንዲህ አታደርግም» አይልም፤ «እኔ እንዲህ አላደርጋትም ነበር» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዓመት ሙሉ የሚውጥ ነው። የመጀመሪያው ለገጸ ባሕርይዋ የራሷን ፈቃድ ያውቅላታል፤ ጸሐፊ ሊጥሰው የማይገባ አንድ ነገር በእሷ ውስጥ እንዳለ ያምናል። ሁለተኛው ስለ ንብረት ነው። ሱ ኤለን ከወደቀችበት መነሣቷ የተሰረዘው እሷ ስለማትነሣ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ስላነሣት ነው።

በ2013፣ ሌሎች ሰዎች እንደ አዲስ ባስጀመሩት «ዳላስ» ውስጥ፣ ጋሪ ወደ ዩዊንጎች መኖሪያ ወደ ሳውዝፎርክ ተመለሰ። ያለቀሰለት ወንድሙ ቦቢ እዚያው ነበር፤ አርጅቷል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። ሁለቱ ሲገናኙ ድራማው ያን የድሮ ልቅሶ የሚያስረዳ ታሪክ አላበጀም፤ ወንድማማቾቹ የሚያወሩት ሌላ የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ይህን እንደ ቸልተኝነት የሚቆጥር የድሮ ተመልካች ይኖራል። እኔ ግን ትክክል አደረጉ ባይ ነኝ። ቢያስረዱ ኖሮ ወይ የጋሪን እንባ ወይ የቦቢን ሕይወት መሰረዝ ነበረባቸው።